አልጌ የማይወርሰው የዓሣ ገንዳ፦ ለባሕር ዳር ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

የዓሣ ገንዳ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች አወዳደቃቸው አንድ ዓይነት ነው። ገንዳው ሳሎን ውስጥ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ሦስት አራት ዘለላ ተክል ይሰካበታል፤ መብራቱ ከጠዋት እስከ መኝታ ሰዓት ይበራል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መስታወቱ ይለብሳል፣ ውሃው ያረነጉዳል። ባለቤቱ ተናዶ ሁሉንም ያወጣል፣ አሸዋውን በሳሙና ያጥባል፣ በአዲስ ውሃ እንደገና ይጀምራል። በወሩ አልጌው፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ተመልሶ ይመጣል። እንዲያውም ይብስበታል፤ ምክንያቱም በሳሙና የታጠበው አሸዋ ቆሻሻን የሚያፈርሱትን ባክቴሪያዎች አጥቷል።

አልጌ ተክሎቹ ያልተጠቀሙበትን ብርሃንና ምግብ የሚበላ ነው። ተክሉ ትንሽ፣ ብርሃኑ ብዙ ሲሆን ትርፉ ለእሱ ይቀራል። ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ያዙ፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገንዳውን በተክል ሙሉ፤ ብርሃኑን ደግሞ ቆጥባችሁ ስጡ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ለእነዚህ ሁለቱ የሚሠራ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው 80 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 35 ሴ.ሜ ወርድ፣ 40 ሴ.ሜ ቁመት ላለው ገንዳ ነው። አፈርና አሸዋ ከገባበት በኋላ ወደ 90 ሊትር ውሃ ይይዛል። የካርቦን ጋዝ ሲሊንደርም ሆነ ውድ ማጣሪያ አያስፈልገውም። ከዚህ ያነሰ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል ብላችሁ አትሳቱ። በ20 ሊትር ውሃ ውስጥ የተረፈ አንድ ቁንጥር ምግብ ሁሉንም ያበላሻል።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- የአትክልት ቀይ አፈር፣ 10 ሊትር ገደማ (ከተነፋ በኋላ 7 ሊትር ይቀራል)
- የወንዝ አሸዋ ወይም ከ1 እስከ 3 ሚ.ሜ የሆነ ደቃቅ ጠጠር፣ 9 ሊትር (14 ኪሎ ገደማ)
- 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት
- ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ አንድ ሜትር ተኩል ቀጭን ጎማ
- የአየር ፓምፕ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ቼክ ቫልቭ (ውሃ በአየር ቱቦው ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የሚከለክል)
- ሁለት ባለ 60 ሴ.ሜ የኤልኢዲ መብራትና ባትሪ ያለው ዲጂታል የሰዓት ማብሪያ
- ረጅም ወረንጦ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ አዲስ ስፖንጅ፣ ቴርሞሜትር

ባልዲዎቹ ሳሙናም በረኪናም ነክቷቸው የማያውቅ አዲስ ይሁኑ። ላያቸው ላይ «የዓሣ» ብላችሁ ጻፉበት፤ አለበለዚያ ልብስ ማጠቢያ መሆናቸው አይቀርም።

ደረጃ 1፦ አፈሩን አዘጋጁ (ሁለት ሳምንት)

ከሁሉ ቀድማችሁ የምትጀምሩት ይህን ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ፀሐይም ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሥሩት። በክረምት አፈር አይደርቅላችሁም።

1. ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ካልነካው ቦታ ቀይ አፈር ውሰዱ። ሣሩን ገፋችሁ ከላይኛው 20 ሴ.ሜ ቆፍሩ። ዩሪያ ወይም ዳፕ ከተበተነበት ማሳ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ከከብት በረት አጠገብ አትውሰዱ። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፣ አልጌም ያፈላል።
2. ዋልካ አትጠቀሙ። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ከተነካካ ደግሞ ገንዳው ለቀናት አይጠራም።
3. ሙከራ አድርጉ። የመስታወት ማሰሮ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ውሃው ከጠራ አፈሩ ይሆናል። አሁንም ቡና ከመሰለ ጭቃው በዝቷል፤ ከእኩል አሸዋ ጋር ቀላቅሉት ወይም ሌላ ቦታ ፈልጉ።
4. አፈሩን በወንፊት ንፉ። ሥርና ጭራሮ ይውጣ፤ ገንዳ ውስጥ የሚበሰብሰው እሱ ነው።
5. በባልዲ ውሃ ሞልታችሁ አማስሉት፣ የተንሳፈፈውን አፍሱ፣ በፕላስቲክ ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ፍጹም ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት፣ እንደገና አስጡት። ይህንን አራት ጊዜ ድገሙት።

ብዙ ሰው የሚዘለው አምስተኛውን ነው። መድረቅና መርጠብ ሲፈራረቁ አፈር ውስጥ ያለው የበሰበሰ ነገር እዚያው ሜዳ ላይ ይፈርሳል። ካልተደረገ ያው መፍረስ ገንዳችሁ ውስጥ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ አሞኒያ ይለቃል። የተዘጋጀ አፈር ሲሸተት ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። ፍግ ከሸተተ ገና ነው።

አሸዋውን በሳፋ ውስጥ በእጃችሁ እያማሰላችሁ እጠቡ፤ የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አሥርም አሥራ አምስትም ዙር ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ላይ አቼቶ አንጠባጥቡ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ውሃውን ያጠነክራል፤ ተዉት። የምታስገቡትን ድንጋይ ሁሉ በዚሁ ፈትኑ። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይና ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ አረፋ አያወጡም፣ ለገንዳ ጥሩ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ገንዳውንና ማስቀመጫውን አዘጋጁ

ገንዳውን መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ 8 ሚ.ሜ መስታወት፣ ጠርዙ የተሞረደ ብላችሁ እዘዙ። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራው የመስታወት ሲሊኮን ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ ተከላካይ ዓይነት ለዓሣ መርዝ አለው፤ ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አታስጨርሱ።

ከተለጠፈ በኋላ ሰባት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ደጅ ደልዳላ ቦታ ላይ ውሃ ሙሉበትና 48 ሰዓት አቆዩት። ካንጠባጠበ ባዶ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የዚያን መጋጠሚያ ሲሊኮን በምላጭ ሙሉ በሙሉ አንሡና ከውስጥ በኩል አዲስ አድርጉ። በአሮጌ ሲሊኮን ላይ የተቀባ አዲስ ሲሊኮን አይይዝም።

የሞላ ገንዳ 145 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። የተበየደ የብረት ማስቀመጫ አሠሩ፣ ላዩ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ 1 ሴ.ሜ ስፖንጅ ወይም ፎም አንጥፉ። በውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ለኩ። መጋጠሚያው የሚለቀው ብዙ ጊዜ ክብደቱ አንድ ጥግ ላይ ስላረፈ ነው።

ቦታ፦ ቀጥታ ፀሐይ በቀን አንድም ሰዓት የማይነካው ግድግዳ ምረጡ። ከውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያስገባም» ይላሉ፤ ለእኛ አይሠራም። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ግንቦት ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት በሰሜን መስኮት የገባች የጠዋት ፀሐይ ገንዳውን በሳምንት አረንጓዴ ታደርገዋለች። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ የገንዳውን ጀርባና ወደ መስኮቱ የሚያየውን ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ።

ደረጃ 3፦ ውሃውን አቆዩ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በሰፊ ባልዲ ወይም ሳፋ ሞልታችሁ ሳትከድኑ 48 ሰዓት አቆዩት፤ የአየር ፓምፕ ካስገባችሁበት 24 ሰዓት ይበቃል። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ለቋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ክዳኑ ዝግ ነውና ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ አትጠቀሙ። ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ለቀንድ አውጣና ለዓሣ ጎጂ ነው።

የሐይቁን ውሃ ደግሞ ፈጽሞ አታስገቡ። «ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ጣና የራሱ አልጌና ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ አለው፤ በዳርቻው ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። በአንድ ጀሪካን ሁለቱንም ቤታችሁ ታስገባላችሁ።

ደረጃ 4፦ ተክል ምረጡ፣ አጽዱ

ከገንዳው ወለል ቢያንስ ሦስት አራተኛው በመጀመሪያው ቀን በተክል መሸፈን አለበት። «በኋላ ይበዛል» ብሎ አምስት ዘለላ መትከል አልጌን መጋበዝ ነው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መብራቱ ላይ ቆጥቡ፣ ተክሉ ላይ አትቆጥቡ።

ለዚህ ገንዳ የሚበቃው፦

- ቫሊስኔሪያ (ረጅም ሪባን ቅጠል)፣ ከ15 እስከ 20 ሥር፣ ለጀርባ
- ሴራቶፊለም (ሥር የሌለው፣ ጭራ የሚመስል)፣ ሁለት ትልልቅ እፍኝ፣ በነጻ የሚንሳፈፍ
- ክሪፕቶኮሪን፣ ከ6 እስከ 8 ሥር፣ ለፊትና ለመካከል
- አኑቢያስ ወይም ጃቫ ፈርን፣ 2 ወይም 3፣ ድንጋይ ላይ የሚታሰር
- ለላይ ተንሳፋፊ፦ ሌምና ወይም ሳልቪኒያ፣ አንድ እፍኝ

ክሪፕቶኮሪንና አኑቢያስ ካላገኛችሁ በቫሊስኔሪያና በሴራቶፊለም ብቻ ጀምሩ። ሁለቱም በጣና የሚበቅሉ ስለሆኑ የአካባቢውን ሙቀት ለምደዋል፤ አልጌን በማስራብ ደግሞ ሴራቶፊለምን የሚያህል የለም። የችግኝ ጣቢያ መኒ ፕላንትም ይረዳል፦ ቅጠሉ ከውሃ በላይ፣ ሥሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ይንጠልጠል።

እምቦጭን አታስቡት። ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል። አበባው ስላማረ ቤት ማምጣት ዘሩን ማጓጓዝ ነው።

ከሐይቁ ዳር ተክል የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ የሚመለከተውን አካል ጠይቁ፤ አካባቢው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት ሳታደርጉ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ከዚያ፦

1. ተክሉን በጓንት በተያዘ እጅ በቆየ ንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ።
2. የእያንዳንዱን ቅጠል ጀርባ እዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ዛጎሉ እንደ ተጠቀለለ ገመድ በአንድ ደረጃ ይዞራል እንጂ ወደ ላይ አይሾልም። እሱንም፣ ቅጠል ላይ የተለጠፈውን እንደ ጄል ያለ የእንቁላል ጠብታም በሙሉ አንሡ። አንድም አይቅር።
3. ለብቻው ባልዲ ውስጥ ብርሃን እያገኘ አራት ሳምንት አቆዩት። በየሳምንቱ ውሃውን ቀይሩ፣ የተፈለፈለ ቀንድ አውጣ ፈልጉ። እስከዚያ ባዶ እጅ አይግባበት። ቢልሃርዚያው ሰው ካላገኘ ውሃ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ የተያዘ ቀንድ አውጣ ካለ ግን በየቀኑ አዲስ ይለቃል። ባልዲው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሻጭ የመጣ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን በበረኪና ሊጸዳ ይችላል፦ አንድ እጅ በረኪና በ20 እጅ ውሃ፣ ለ90 ሴኮንድ፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ቫሊስኔሪያንና ሴራቶፊለምን እንዲህ ካደረጋችሁ ይሟሟሉ።

ደረጃ 5፦ ትከሉ

ይህ በአንድ ቀን፣ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው። 90 ሊትር የቆየ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

1. እርጥብ አፈሩን ገንዳው ውስጥ 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት አንጥፉ። ከፊትና ከጎን መስታወቶቹ 3 ሴ.ሜ ባዶ ተዉ፤ አፈር መስታወት ከነካ ብርሃን ያገኘውና እዚያው አልጌ ያወጣል።
2. ባዶውን ጠርዝ በአሸዋ ሙሉ፤ ከዚያ አፈሩን ሁሉ በ3 ሴ.ሜ አሸዋ ሸፍኑ። ከዚህ አታሳንሱ፣ ከ4 ሴ.ሜ በላይም አታድርጉ። ወፍራም አሸዋ አየር አያሳልፍም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ይሸታል።
3. ድንጋዮቹን አስቀምጡ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርንን በጥቁር ክር ድንጋይ ላይ እሰሩ። ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል።
4. አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና ውሃውን ሳህኑ ላይ በቀጭኑ አፍስሱ፤ 10 ሴ.ሜ ሲደርስ አቁሙ።
5. ከጀርባ ጀምራችሁ ወደፊት ትከሉ። የቫሊስኔሪያን ሥር በመቀስ ወደ 3 ሴ.ሜ አሳጥሩ፣ በወረንጦ ያዙ፣ አዘንብላችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። ሥርና ቅጠል የሚገናኙበት ነጭ አንገት ከአሸዋ በላይ መታየት አለበት።
6. በየ10 ደቂቃው በገንዳው ባሉት ቅጠሎች ላይ ውሃ እርጩ። የውሃ ተክል ቅጠል በአየር ላይ ቶሎ ይደርቃል።
7. ቀሪውን ውሃ በሳህኑ ላይ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ ከላይ 3 ሴ.ሜ ይቅር። ሴራቶፊለሙንና ተንሳፋፊውን አስገቡ።

ከተበላሸ፦ ሲሞላ ከደፈረሰ በአፈሩ ላይ ያለው አሸዋ ተቦርቡሯል ማለት ነው። አታማስሉት። ውሃውን በጎማ ከላይ ስባችሁ ግማሹን አውጡ፣ የተከፈተውን ቦታ በአሸዋ ድፈኑ፣ እንደገና ሙሉ። ተክል ተነቅሎ ከተንሳፈፈ በአፈር የተለወሰውን ሥር ሳታጥቡ መልሳችሁ አትትከሉ።

ደረጃ 6፦ ማጣሪያና የመብራት መጥፋት

የስፖንጅ ማጣሪያ በአየር ፓምፕ ይበቃል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ የተዘጋ የቆርቆሮ ዓይነት ማጣሪያ አደጋ ነው፤ ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መብራት ሲመጣ ያንን ሁሉ ዓሣው ላይ ይተፋዋል። ስፖንጁ ግን ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል።

ቼክ ቫልቩን ከአየር ቱቦው ላይ መግጠም አትርሱ። ፓምፑ ከውሃው በታች ከተቀመጠና መብራት ከጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን፣ ከዚያም ወለሉን ያጥለቀልቃል። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ የሚወጣ ይሁን፤ በገመዱ የወረደ ውሃ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ብርሃን

አልጌ ከሚመጣባቸው አሥር ገንዳዎች ስንቱ በብርሃን እንደሆነ መቁጠር አያስፈልግም፤ መጀመሪያ የምትመረምሩት ሁልጊዜ ይህን ነው።

መብራት ስትገዙ ከዋቱ ይልቅ ሉመኑን (የሚሰጠውን የብርሃን መጠን) ተመልከቱ። ለዚህ ገንዳ በድምሩ ከ1,500 እስከ 1,800 ሉመን ይበቃል፤ ባለ 9 ዋት ሁለት የኤልኢዲ ቱቦ ይህንን ይሰጣል። ቀለሙ 6,500 ኬልቪን፣ ነጭ ይሁን። ሰማያዊና ሐምራዊ የሚለዋወጡት የጌጥ መብራቶች ለተክል ብዙም አይጠቅሙም።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ብቻ አብሩ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ከሥራ ስትመለሱ የምታዩት እንዲሆን ነው። ከዚያ በኋላ አልጌ ከሌለ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ 8 ሰዓት ጣሪያው ነው። 8 ሲደርስ ለሁለት ክፈሉት፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 4፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 4። በመካከሉ ባለው እረፍት ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ተክሉ ማታ ያገኘዋል።

የሰዓት ማብሪያው ለምን ባትሪ ያለው ይሁን? በጥርስ የሚዞረው መካኒካል ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት መብራት ከጠፋ የእናንተ 10 ሰዓት ለእሱ 7 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን መብራቱ ሌሊት ይበራል፣ ቀን በመስኮት የገባው ይጨመርበታል፣ ባለቤቱ «6 ሰዓት ብቻ ነው የማበራው» እያለ ገንዳው ያረነጉዳል። መካኒካሉ ብቻ ካላችሁ መብራት በመጣ ቁጥር እጃችሁን ዘርግታችሁ አስተካክሉት።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ ያለ ዓሣ

- ሳምንት 1 እና 2፦ በየሦስት ቀኑ 45 ሊትር ቀይሩ።
- ሳምንት 3 እና 4፦ በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ሊትር።
- ሳምንት 5 እና 6፦ በሳምንት አንድ ጊዜ 25 ሊትር።

በዚህ ጊዜ የሚያስደነግጡ ግን ደህና የሆኑ ነገሮች ታያላችሁ። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ ከአፈሩ ነው፣ በመቀየር ይቀንሳል። የቫሊስኔሪያና የክሪፕቶኮሪን ቅጠል ይቀልጣል፤ የቀለጠውን ቅጠል ቁረጡ፣ ሥሩን አትንቀሉ፣ አዲስ ያወጣል። መስታወቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ይቀመጣል፤ በስፖንጅ ይጠረጋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ይጠፋል።

ከአፈር አረፋ ሲወጣና የተበላሸ እንቁላል ሲሸት ግን ዝም አትበሉ። በቀጭን ንጹሕ እንጨት አሸዋውን በየ3 ሴ.ሜው እስከ ታች ውጉት፣ በዚያው ቀን 45 ሊትር ቀይሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ሥሮቹ ሲሰፉ ያቆማል።

ማዳበሪያ የሚባል ነገር ቢያንስ ለስድስት ወር አትጨምሩ። አፈሩ በቂ ነው።

ደረጃ 9፦ ዓሣ አስገቡ

የአሞኒያና የናይትራይት (አሞኒያ ሲፈርስ የሚወጣው ሌላ መርዝ) መለኪያ ካገኛችሁ ሁለቱም ለሰባት ተከታታይ ቀን ዜሮ ይሁኑ። መለኪያ ከሌለ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ሦስት ዓሣ ብቻ አስገቡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ብዛቱ ላይ ስግብግብ አትሁኑ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአምስተኛው ያህል ያነሰ ነው፤ በ25 ዲግሪ 8.2 ሚ.ግ. በሊትር የነበረው ወደ 6.6 ይወርዳል። ሌሊት ደግሞ ተክሎቹም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ መጽሐፍ 20 ዓሣ ካለ እናንተ 10 ወይም 12 አድርጉ። ጉፒ ከሆነ ወንድ ብቻ፤ ሴት ከገባች በጥቂት ወር ቁጥሩ ከእጃችሁ ይወጣል። ዚብራ ዳኒዮ ቅዝቃዜ ስለሚችል ያለ ማሞቂያ ለዚህ ከተማ ከሁሉ ይሻላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቴርሞሜትሩ ንጋት ላይ ከ18 ዲግሪ በታች ካሳየ ለጉፒ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ 21 ላይ አድርጋችሁ ግጠሙ።

ቆሮሶና አምባዛ ጫጩት ከዓሣ አጥማጅ ገዝታችሁ አታስገቡ። ቆሮሶ ተክሉን ይበላል፣ አሸዋውን እየቆፈረ አፈሩን ያወጣዋል፤ አምባዛ ደግሞ ሌሎቹን ይውጣል።

ከረጢቱን ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉ፤ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ሲኒ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት፣ ለአንድ ሰዓት። ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የከረጢቱን ውሃ ድፉት።

ምልክት፦ ንጋት ላይ ዓሣዎቹ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ካደረጉ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የሚተዉት ከሆነ የኦክስጅን ነው፤ ተንሳፋፊውን ግማሹን አውጡ፣ የአየር ፓምፑን ከፍ አድርጉ። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለና ስንጥባቸው ከቀላ አሞኒያ ነው፤ ወዲያው 45 ሊትር ቀይሩ፣ ነገም ድገሙት፣ ምግብ ለሦስት ቀን አቁሙ። ማታ መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሃያ ጊዜ ያህል።

ደረጃ 10፦ የዘወትር ሥራ

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ረቡዕና ዓርብ አስጹሟቸው፤ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም። ምግቡን ለልጆች ከሰጣችሁ ልኩን በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡ፣ ቆርቆሮውን ደብቁ።

በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ቀይሩ፣ የተነነውንም በቆየ ውሃ ሙሉ። በወር አንድ ጊዜ የስፖንጅ ማጣሪያውን ከገንዳው በወጣ ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨምቁት። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ተንሳፋፊው ከገጹ ግማሽ ካለፈ ቀንሱ፤ ሴራቶፊለሙም ከወፈረ የታችኛውን ጣሉ፣ የላይኛውን ጫፍ አስቀሩ።

የተቆረጠውን ተክል፣ ቀንድ አውጣውን፣ የማያስፈልጋችሁን ዓሣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃ አትጣሉ። ጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዘሮች አሉ፤ ባዕድ ዓሣ አይገባባቸውም። ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቁና ኮምፖስት አድርጉት።

አልጌ ሲመጣ፦ እያንዳንዱ በመልኩ

ከምንም በፊት የብርሃኑን ሰዓት በሁለት ቀንሱ፣ የሚገባውን ፀሐይ ፈልጉ፣ ምግቡን በግማሽ አድርጉ። አልጌ ገዳይ የሚባል መድኃኒት ገንዳው ውስጥ አትጨምሩ፤ አብዛኞቹ ተክሉንም ቀንድ አውጣውንም ይጎዳሉ፣ የሞተው አልጌ ደግሞ በስብሶ ለሚቀጥለው ምግብ ይሆናል።

*እንደ ክር የሚዘረጋ አረንጓዴ።* በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠቀለላችሁ አውጡ። የብርሃን መብዛት ነው። ሴራቶፊለም ጨምሩ።

*መስታወት ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ ነጠብጣብ።* በስፖንጅ አይለቅም፤ በምላጭ ፋቁት። ሲሊኮኑን እንዳትነኩ ከመጋጠሚያው 1 ሴ.ሜ ራቁ።

*ቅጠል ጠርዝ ላይ የበቀለ ጥቁር ጢም።* በቀስታ በሚያድጉት በአኑቢያስና በጃቫ ፈርን ላይ ይመጣል። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቁረጡ። ለቀረው ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ፣ የአየር ፓምፑን አጥፉ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቀጥታ ጢሙ ላይ ልቀቁ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን አብሩ። ለ90 ሊትር በአንድ ቀን ከ20 ሚ.ሊ. አትለፉ፣ ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ላይ አትልቀቁ። ጢሙ ወደ ቀይ ከተለወጠ ሞቷል።

*አሸዋና ተክል ላይ እንደ ጨርቅ የተነጠፈ፣ ሲነሣ የሚሸት ሰማያዊ አረንጓዴ።* ባክቴሪያ ነው። በጎማ ስባችሁ አውጡ፤ ከዚያ ከታች የተገለጸውን የአራት ቀን ጨለማ አድርጉ። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ስለሚጀምር ማጣሪያውን ወደዚያ አዙሩት።

*ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሲሆን።* ውሃ መቀየር ብቻውን አይረዳም፤ በሁለት ቀን ይመለሳል። ጨለማ ያስፈልገዋል፦

1. 45 ሊትር ቀይሩ፣ የሞተ ቅጠል ሁሉ አንሡ።
2. መብራቱን ከሶኬት ንቀሉ። ገንዳውን በጥቁር ፕላስቲክና በላዩ በብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍኑ። የአየር ፓምፑ ይሥራ።
3. አራት ቀን ሙሉ አትክፈቱ፣ አትመግቡ። ዓሣዎቹ ይችሉታል።
4. በአምስተኛው ቀን ክፈቱ፣ ወዲያው 45 ሊትር ቀይሩ፤ የሞተው አልጌ ኦክስጅን ይጨርሳልና አታዘግዩት።
5. ብርሃኑን በቀን ከ5 ሰዓት ጀምሩ፣ ለሁለት ሳምንት አትጨምሩ።

ከጨለማው በኋላም በሳምንት ውስጥ ካረነጎደ ሽፋኑ ብርሃን አስገብቷል ወይም ከአፈሩ አሞኒያ እየወጣ ነው። አሸዋው የሳሳበት ቦታ ካለ ፈልጋችሁ ድፈኑ፣ ሴራቶፊለሙን እጥፍ አድርጉ፣ ጨለማውን ድገሙት።